ተዝካራቸውን በልቼ ያወቅኋቸው ሰው

ባለፈው ክረምት መቶ አለቃ ተፈሪ ከቶሮንቶ ደውለው «ሻለቃ ጓንጉል አረፉ» ሲሉኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ሳቅ ነው። ካልጋሪ፣ ወጥ ቤቴ ውስጥ ቆሜ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሳቅኩ። ከዚያ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ልጆቼ እስኪደነግጡ ድረስ አለቀስኩ። መቶ አለቃ አልተቀየሙኝም፤ ለምን እንደሳቅኩ ያውቃሉ። የሻለቃ ጓንጉል ሞት ሲነገረኝ ይህ ሁለተኛዬ ነው።

የመጀመሪያውን የሰማሁት ናዝሬት፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ጎረቤታችን ነበሩ፤ የእነሱንና የእኛን ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ሻለቃን በአካል አይቻቸው አላውቅም ነበር። እኛ ወደ ሰፈሩ የገባነው እሳቸው ወደ ሰሜን ከዘመቱ በኋላ ነው። አንድ ቀን ክፍለ ጦራቸው ተደመሰሰ ተባለ፤ ትንሽ ቆይቶም መርዶው መጣ። እትዬ ጽጌ ጸጉራቸውን ተላጭተው ጥቁር ለበሱ። በአርባው ድንኳን ተተክሎ ተዝካር ወጣ። እኔም ከሰፈሩ ልጃገረዶች ጋር ወጥ ሳመላልስ ዋልኩ፤ ሲደክመኝ ማድ ቤቱ ጥግ ቁጭ አልኩና የሻለቃን ተዝካር ጠግቤ በላሁ። «ነፍስ ይማር» ብዬ ጠላውንም ጠጣሁበት።

መንግሥት በተለወጠ ማግሥት እኔ በኬንያ በኩል ቶሮንቶ ገባሁ። ፓርክዴል፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ሶፋ ላይ እያደርኩ ሥራ ስፈልግ፣ መሐል ከተማ ከመሬት በታች ባለ ፓርኪንግ ገንዘብ ተቀባይነት አገኘሁ። ያን ጊዜ የከተማው ፓርኪንግ በእኛ ሰው የተያዘ ነበር። ዲግሪ ያለውም የሌለውም፣ ትልቅ ሹም የነበረውም ትናንት ከትምህርት ቤት የወጣውም፣ ያቺ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት ይቀበላል። አሠሪያችን «ሜጀር ሥራውን ያሳይሻል» ብሎ ወደ ታች ሰደደኝ። ስማቸውን መጥራት ስለሚከብደው ሁልጊዜ «ሜጀር» ነው የሚላቸው።

ከሰውየው መጀመሪያ ያየሁት ጫማቸውን ነው። የመኪና ጭስ በሞላው ምድር ቤት ውስጥ ጫማቸው እንደ መስታወት ፊት ያሳያል። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ሸበቶ ሰው ናቸው፤ ከረባት አስረዋል። መኪና በመጣ ቁጥር ብድግ ብለው፣ ቆመው ነው ሒሳብ የሚቀበሉት። ታዲያ ወንበሩ ለምን ተሠራ ብዬ ብጠይቃቸው «ለእረፍት ሰዓት» አሉኝ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሰው የነገራቸውን ነገር መልስ ከመስጠታቸው በፊት ይደግሙታል። «ሒሳቡ አልገጠመልኝም» ስላቸው «ሒሳቡ አልገጠመልሽም» ይላሉ፤ ሊያዩት የሚነሡት ከዚያ በኋላ ነው። ሠራዊቱ ውስጥ ትእዛዝ የተቀበለ ሰው መልሶ መድገም ግዴታው ነበረ። «ያልደገምሽውን አልሰማሽውም» ይሉኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይህ ነገራቸው ያናድደኝ ነበር፤ ሰውየው ከግድግዳ ጋር የማወራ ያስመስሉኛል። ኋላ ግን ገባኝ። እኔ በዕድሜዬ እንደ እሳቸው ሰው የሚሰማ ሰው አላጋጠመኝም።

በዚያ በመጀመሪያው ዕለት ሥራውን አሳይተውኝ ሲያበቁ፣ እንደ ወጉ የማን ልጅ እንደሆንኩና ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ናዝሬት አልኳቸው። ናዝሬት የት አሉኝ። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ። ወደ እኔ ሳያዩ፣ «እዚያ ሰፈር ጽጌ የምትባል ሴት ታውቂ እንደሆነ?» አሉ።

«እትዬ ጽጌ? ባለቤታቸው የሞቱባቸው? ጎረቤታችን ናቸው እኮ።»

«ባሏ ማን ይባል ነበር?»

«ሻለቃ ጓንጉል። ነፍሳቸውን ይማር።»

«አሜን» አሉ።

መኪና መጣ። ብድግ ብለው ሒሳብ ተቀበሉ፣ መልስ ሰጡ፣ መልካም ቀን ተመኙ። መኪናው ሲሄድ ኮታቸውን ቆለፉና፣ አለቃው ፊት እንደቀረበ ወታደር ቀጥ ብለው ቆመው፣ ስማቸውን ከነአባታቸው ነገሩኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ማማተቤን አስታውሳለሁ። ውሃ ሰጥተውኝ እስክረጋጋ ጠበቁኝ። ከዚያ ኮስተር እንዳሉ፣ «ተዝካሩ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

ምን ይባላል? «ጥሩ ነበር። ጠላው ግን ቀጥኖ ነበር» አልኳቸው።

«ጠላው ቀጥኖ ነበር» ብለው ደገሙ። ሳቁ፤ እየሳቁም ዐይናቸው ሞላ።

ተማርከው ነበር። ከምርኮ አምልጠው ሱዳን ገቡ፤ ከሱዳን ቶሮንቶ። እኔ ስደርስ ሴንት ጄምስ ታውን አንድ ክፍል ተከራይተው መኖር ከጀመሩ ሰንብተዋል። ወደ አገር ቤት ቃል ያልላኩበትንም ምክንያት በግልጽ ነገሩኝ። በዚያ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ጡረታ ትበላለች፤ ባሏ ሱዳን ተገኘ የተባለች ሴት ግን መጠየቋ መቼም አይቀርም። ስለዚህ ለልጆቻቸው እንጀራ ሲሉ ሞተው ቀሩ። መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ ለመነሣት ቢፈልጉም፣ ከሞት የተነሣ ሰው በየት በር እንደሚገባ አላወቁም።

በሩ እኛ ቤት ሆነ፤ ስልክ የነበረን እኛ ነና። ለእናቴ ደወልኩ። እናቴ አንድ ሰዓት ያህል ስትጮህብኝ ቆየችና፣ ማልዳ ለእትዬ ጽጌ እንደምትነግራቸው ቃል ገባች። እንዴት እንደምትነግራቸው ግን አልጠየቅኋትም። ለሰው ሞት ወግ አለን፤ ለትንሣኤው ግን ማንም ወግ አላበጀለትም። እናቴም በምታውቀው ወግ ሄደች። የሰፈሩን ሽማግሌዎች፣ የዕድሩን ዳኛና የንስሐ አባታቸውን ሰብስባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ገና ጎህ ሲቀድ የእትዬ ጽጌን በር አንኳኳች። እትዬ ጽጌ በሩን ከፍተው ያን ሁሉ ሰው ሲያዩ ዩኒቨርሲቲ ያለው ትልቁ ልጃቸው የሞተ መስሏቸው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሰፈሩ እየጮኸ ወጣ። «ኧረ የምሥራች ነው!» ቢባሉ ማን ይስማ! ሻለቃ ይህን ስነግራቸው «ሁለት ጊዜ አስለቀስኳት» አሉ።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እሑድ እኔ ቤት እየመጡ ከልጆቻቸውና ከእትዬ ጽጌ ጋር በስልክ ይነጋገሩ ጀመር። እኔም ወደ ሴንት ጄምስ ታውን ተዛውሬ፣ እሳቸው ባሉበት ሕንፃ ከእሳቸው ሦስት ፎቅ ዝቅ ብዬ ነበር የምኖረው። ወሬያቸው ሁሉ የልጆች ትምህርትና የጤና ጉዳይ ነበር፤ ባልና ሚስት ሳይሆን አንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ሁለት ጨዋ ሰዎች ይመስሉኝ ነበር።

የጡረታው ነገር የመጣው በዚህ መሐል ነው። የቀድሞው ሠራዊት ባልደረባ ሆኖ አገልግሎቱን የጨረሰ ሰው የራሱን ጡረታ ማስከበር ይችላል፣ ውጭ አገር ያለም በውክልና ይሆንለታል የሚል ወሬ ከአገር ቤት ደረሰን። ሻለቃ ገና በልጅነታቸው የተቀጠሩ ስለነበሩ አገልግሎታቸው ከበቂ በላይ ነው። ችግሩ ግን ሟች መሆናቸው ነው። እንደሞቱ ከቀሩ እትዬ ጽጌ እስከ ዛሬ የሚቀበሉትን የሟች ሚስት አበል መቀበላቸውን ይቀጥላሉ፤ አነስተኛ ናት፣ ግን አትቀርም። ያቺ አበል የምትቋረጠው ባልቴቷ ሌላ ባል ካገባች ነው። በሕይወት አለሁ ካሉ ደግሞ የእትዬ ጽጌ አበል ይቆምና የሻለቃ ሙሉ ጡረታ ይተካል። በሕይወት ሳሉ እንደ ሟች የተከፈለባቸውም ከዚያው ላይ ይቆረጣል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዶናት ቤት የምንሰበሰብ ሰዎች ነበርን፤ አብዛኞቹ የቀድሞ መኮንኖች ናቸው። ነገሩ እዚያ እንደ ዘመቻ ዕቅድ ተመከረበት። ከባሕር ኃይል የመጡት መቶ አለቃ ተፈሪ፣ ምላሳቸው ስለት ያለው ሰው፣ ሻለቃ ሞተው ቢቀሩ ይሻላል ባይ ነበሩ። «ጌታዬ፣ በሕይወት ሆነው ምን አተረፉ? ይህን ፓርኪንግ ነው» ይሏቸዋል። የቀረነው ተቃወምን። የእኛ ሐሳብ ይነሡ፣ ጡረታው በስማቸው ይከበር፣ እትዬ ጽጌን ደግሞ ስፖንሰር አድርገው ያምጧቸው የሚል ነበር። እኔማ የእትዬ ጽጌን መኝታ ቤት መጋረጃ ሁሉ በሐሳቤ መርጬ ጨርሼ ነበር። ሻለቃ የሁላችንንም ሐሳብ እየደጋገሙ አዳመጡና ለዚያ ቀን ምንም ሳይወስኑ ተነሡ።

በማግሥቱ የሺፍት መለዋወጫ ሰዓት ላይ፣ ቁልፉን ሳያስረክቡኝ በፊት፣ «ይልማ ማን ነው?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። ትንሿ ልጃቸው በስልክ ስታወራ «ጋሽ ይልማ» ስትል ሰምተዋታል፤ አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ። ጋሽ ይልማ የሒሳብ አስተማሪዬ ነበሩ፤ ሚስታቸው የሞተችባቸው። ከእናቴ የሰማሁትን ለብቻዬ ይዤው ነበር። ከመርዶው ጥቂት ዓመታት በኋላ ለእትዬ ጽጌ ሽማግሌ ልከው ነበር። እትዬ ጽጌ፣ አበሏ ከተቋረጠች ልጆቹ ምን ይበላሉ ብለው ቆዩ። ጋሽ ይልማም ጠበቁ። ኋላ ሟቹ ሲነሡ ጋሽ ይልማ እግራቸውን ከዚያ ቤት ሰበሰቡ፤ ልጆቹን ማስጠናት ብቻ አልተዉም።

ነገሩን ላለሳልሰው አሰብኩ። ሻለቃ ግን ዐይናቸውን አልነቀሉም፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። እንደ ልማዳቸው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ደገሙት፤ አንድ ቃል አልሳቱም። ድምፃቸው ግን ቀስ አለ።

«ልጆቼን መትቷቸው ያውቃል?» አሉኝ።

«በፍጹም።»

«ጽጌን ያስቃታል?»

በዚህ ዓለም ላይ ከዚህ የከበደ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። እትዬ ጽጌ የሚስቁበትን ድምፅ በቆርቆሮው አጥር በኩል እሰማው ነበር፤ የሚሰማውም ጋሽ ይልማ ደጅ ሲቀመጡ ነው። «አዎ» አልኳቸው።

«ያስቃታል» አሉ። ቁልፉን አስረክበውኝ ሄዱ።

እሑድ መጡና እትዬ ጽጌን እንዳገናኛቸው ጠየቁኝ። ልወጣላቸው ስነሣ «ተቀመጪ፣ ምስክር ያስፈልጋል» አሉኝ። ስልኩ ላይ ድምፅ ማጉያውን ከፈትኩ። ከሰላምታው በኋላ «ጽጌ፣ ካናዳ ነይ ብልሽ ትመጫለሽ?» አሏቸው።

«ባሌ አይደለህ? ከጠራኸኝ እመጣለሁ» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ከጠራሁሽ ትመጫለሽ። ትፈልጊያለሽ ወይ ነው የምልሽ?»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ወዲያ ማዶ እናቴ ሳሎን ውስጥ ያለችው የግድግዳ ሰዓት ስትቆጥር ይሰማኛል። እትዬ ጽጌ አዎም አይደለምም አላሉ። ሻለቃ ብዙ ጠበቁ። ከዚያ፣ ትእዛዝ እንደሚደግም ሰው፣ ጥርት አድርገው «ዝም አልሽ» አሉ። «ሰምቻለሁ፣ ጽጌ። አይዞሽ።»

ስልኩን ዘጋሁት። እሳቸው መስኮቱ ጋ ሄደው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ቆሙ። እንዳለቀሱ አውቃለሁ፤ ዞረው ሲመለሱ ግን ነገሩ በጭንቅላታቸው አልቆ ነበር። ሁለቱም ምርጫ እሷን ማሰር ነው አሉኝ። ሞተው ቢቀሩ አበሏ ባልቴት አድርጋ ታኖራታለች። ተነሥተው ቢጠሯት ደግሞ የጨዋ ልጅ ናትና እምቢ አትልም። ስለዚህ ይነሣሉ፤ ግን አይጠሯትም። ጡረታው በስማቸው ይከበራል፣ በውክልና የምትቀበለው ግን ጽጌ ትሆናለች፤ ልጆቹን ታስተምርበት፣ የተረፈው የእሷ ነው። ጋብቻው በሰማንያ ስለነበር ሽማግሌዎች ያፈርሱታል። ከዚያ ያሻትን ታግባ።

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። እኔ ግን ሰው እንዲህ መሆን ይችላል ወይ ብዬ አፌን ከፍቼ አየኋቸው። እስከ ዛሬም አፌን አልዘጋሁም።

ዶናት ቤት ሲሰማ መቶ አለቃ ተፈሪ በንዴት ከወንበራቸው ተነሡ። የሰው ሚስት የሚጦር ወታደር አይተውም ሰምተውም እንደማያውቁ፣ ቢያንስ ጡረታውን ለራሳቸው እንዲያስቀሩ ተናገሩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይጣላቸው ነበር። ሻለቃ «የሰው ሚስት የሚጦር ወታደር» ብለው ደገሙና፣ «ተፈሪ፣ እኔ ሱዳን እንጀራ ስበላ ጥቁር የለበሰችው እሷ ናት» አሏቸው። መቶ አለቃ መልሰው ተቀመጡ።

በሕይወት መኖራቸውን የሚመሰክሩ ሁለት ሰዎች ያስፈልጉ ስለነበር፣ ኦታዋ ኤምባሲያችን ድረስ በአውቶቡስ አብረናቸው የሄድነው እኔና እኚያው የተቆጡት መቶ አለቃ ነን። ተረኛው ጸሐፊ ሰውየውን እንዴት እንደማውቃቸው ጠየቀኝ። ተዝካራቸውን በልቻለሁ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። ሻለቃ ከጎኔ ሆነው «እውነቷን ነው» አሉ፣ «ጠላው ቀጥኖ ነበር።» በሟችነት የተከፈለው ሁሉ ከእሳቸው ላይ እንዲቆረጥም ሳይጠየቁ ራሳቸው አስመዘገቡ። ትንሽ ጊዜ ፈጀ እንጂ ሁሉም እንደተባለው ሆነ።

እትዬ ጽጌና ጋሽ ይልማ የተጋቡት በጥር ነው። ድግስ አልነበረም፤ ሽማግሌ፣ ምሳና ምርቃት ብቻ። ያን እሑድ ሻለቃ አዲስ ከረባት አስረው ዶናት ቤት መጡ። ለሁላችን ዶናት ገዝተው «ዛሬ ድረናል፤ ብሉ» አሉን። በላን። መቶ አለቃ ተፈሪ ግን የእሳቸውን በወረቀት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። «የሠርግ ነው፣ ለቤት» አሉ፤ ዐይናቸው ቀልቶ ነበር። ሻለቃ ከዚያ በቀጥታ ወደ ሥራቸው ወረዱ። ልተካቸው ስሄድ ቆመው አገኘኋቸው። አንድም መኪና አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ልጆቻቸው ተመረቁ፤ ትንሿ መጥታ አብራቸው መኖር ጀመረች። ወደ ካልጋሪ ልዛወር ስል ልሰናበታቸው ሄድኩ። አንድ አደራ አለኝ አሉ። ሲሞቱ ለጽጌ መርዶ እንዳልነግር፣ ማንም ማልዶ በሯን እንዳያንኳኳ። «አንድ ጊዜ አልቅሳልኛለች፣ ይበቃታል። ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። አክለውም ለሚቀጥለው ተዝካር ወፈር ያለ ጠላ ራሳቸው እንደሚያዙ ቀለዱብኝ፤ ይህ በተገናኘን ቁጥር የሚሉኝ ነገር ነበር።

እናም መቶ አለቃ ተፈሪ የደወሉ ዕለት አለቀስኩ እንጂ ወደ ናዝሬት አልደወልኩም። አደራዬን ይዤ ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን አልቻልኩም፤ ሰላም ለማለት ያህል ብቻ ብዬ ደወልኩ። ያነሡት ጋሽ ይልማ ናቸው። ድምፃቸው አርጅቷል። ከኋላቸው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል። ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ማውራት ስጀምር አቋረጡኝ።

«የትናየት፣ አትድከሚ ልጄ፣ ሰምተናል። ትንሿ ደውላ ለእኔ ነገረችኝ፣ ለጽጌ የነገርኳት እኔ ነኝ። ቀን፣ ምሳ ከበላች በኋላ፣ ለብቻችን ሆነን።»

«እንዴት ናቸው?»

«ሐዘን ልቀመጥለት ብላ ፈቃድ ጠየቀችኝ። እኔ ምን ሆኜ ነው ፈቃድ የምሰጠው? ድንኳኑን ተከልኩና አብሬያት ተቀመጥኩ። ለቅሶ የሚደርሰው ሰው ማን ሞተብህ ይለኛል። ወንድሜ ነው እላለሁ።»

አደራው ፈረሰ ወይስ ተፈጸመ፣ አላውቅም። ለመሰናበት ያህል የመጣልኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። ለአርባው ጠላው እንዳይቀጥን አደራ አልኳቸው።

«አይቀጥንም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ይልማ። «ጽጌ ትናንት ጌሾ ስታስወቅጥ ነው የዋለችው።»